ቅያስ አፍና የሰው በር ላይ ሳይገትሩ መኪና ማቆም

አንድ እሁድ አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ የተተከለው ቅያሱ ውስጥ ነው። መኪናው ከዳር እስከ ዳር ተደርድሯል። ትንሽ እልፍ ስል ሐረግ የወረሰው ረጅም አጥር አየሁ፤ ሥሩ ባዶ ነው። «እድሌ ነው» ብዬ አጥሩ ሥር ለጥፌ አቆምኩና ገባሁ። ንፍሮዬን ሳልጨርስ አንዲት እናት ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመው የታርጋ ቁጥር ጮክ ብለው ሲጠሩ ሰማሁ። የኔ ነው።

«እኔ ነኝ እማማ» ብዬ ወጣሁ።

«የኔ ልጅ፣ በሬ ግድግዳ መሰለህ?»

ለካ ሐረጉ በሩንም አብሮ ሸፍኖታል። ልጃቸው ሥራ ሊገባ ግማሽ ሰዓት ሞተር አስነስቶ ግቢ ውስጥ ሲጠብቀኝ ነበር። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ነው የምጽፍላችሁ። የዳር ሰፈር ነገር ከመሃል ከተማ ይለያል። ቦሌ ላይ መስመር አለ፣ ምልክት አለ፣ የፓርኪንግ ልጅ አለ። ሰሚት፣ ጀሞ፣ ሐና ማርያም፣ የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ ውስጥ ለውስጥ ስትገቡ ግን አብዛኛው ቅያስ ቀለምም ምልክትም አያውቅም። ኮብልስቶን፣ ቱቦ፣ አጥር፤ አለቀ። ይሄ ማለት ሕግ የለም ማለት አይደለም። መጋጠሚያ ላይ ማቆም፣ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ማቆም፣ የእግረኛ መንገድ ላይ መውጣት፣ የሰው መግቢያ መዝጋት፣ በቆመ መኪና ጎን ደርቦ ማቆም ምልክት ተተከለም አልተተከለም ክልክል ነው። ትራፊክ ሲይዛችሁ «ምልክት የለም እኮ» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም።

መጀመሪያ፦ ቅያሱ ውስጥ ሳትገቡ ቦታ ምረጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የሚሄድበት ቤት ደጃፍ ድረስ ይገባል፣ ቦታ ያጣል፣ ከኋላው ባጃጅ ጥሩንባ ይነፋበታል፣ ይደነግጣል፣ ከዚያ ያገኘው ክፍተት ውስጥ ይወሽቃል። ያ ክፍተት ደግሞ ክፍት የሆነው በምክንያት ነው። ወይ በር ነው፣ ወይ ጥግ ነው፣ ወይ ክዳኑ የተሰበረ ቱቦ ነው። በተጨናነቀ ሰፈር ውስጥ ማንም ያልነካው ቦታ ስታዩ «እንዴት ተረፈ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለዚህ ከዋናው መንገድ ከመታጠፋችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ቅያሱ በአንድ ወገን መኪና ቆሞበት ሌላ መኪና የማያሳልፍ ከሆነ አትግቡ። ሰፋ ያለው መንገድ ላይ፣ ማቆም በሚፈቀድበት፣ አቁሙና መቶ ሜትር በእግራችሁ ሂዱ። እግር ያለው ሰው በመቶ ሜትር አይሞትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮሪደር ልማት በደረሰባቸው ሰፋፊ መንገዶች ዳር ያለው ንጣፍ የእግረኛ ነው፤ አጠገቡ በቀለም የተለየው መስመር ደግሞ የብስክሌት ነው። «ማን ብስክሌት ይነዳል» ብሎ ግማሽ ጎማ መስቀል ለቅጣት ራስን ማቅረብ ነው። መኪና እንዲቆምበት ተብሎ የተሠራ ቦታ ካለ እዚያ ብቻ።

ጥጉን በእርምጃ ለኩ

መንጃ ፈቃድ ስማር የሸመደድኩት ቁጥር 12 ሜትር ነው። ከመጋጠሚያ 12 ሜትር፣ ከእግረኛ ማቋረጫም 12 ሜትር። የፈተና ዕለት ሁሉም ሰው ይመልሰዋል፤ በማግሥቱ ሁሉም ሰው ይረሳዋል። ምክንያቱም 12 ሜትር መሪ ላይ ተቀምጠው ሲያዩት ስንት እንደሆነ አይታወቅም።

እንዲህ አድርጉ። አንድ ቀን ሜትር ይዛችሁ ግቢያችሁ ውስጥ እርምጃችሁን ለኩ። የመካከለኛ ሰው እርምጃ 75 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 12 ሜትር ማለት 16 እርምጃ ነው። በመኪና ከሆነ ሦስት ቪትዝ ተከታትለው የሚይዙት ቦታ በሉት። ጥጉ ላይ ስትደርሱ «እዚህ ጋ ሦስት ቪትዝ ከፊቴ ይቆማሉ?» ብላችሁ በዓይናችሁ ደርድሩ። ከተጠራጠራችሁ ውረዱና ተራመዱ። ሰው ቢያያችሁም ግድ የለም፤ ቦታ የምትገዙ ይመስላቸዋል።

ከየት ተጀምሮ ይለካል? ጥጉ ክብ ከሆነ ኩርባው አልቆ ጠርዙ ቀጥ ካለበት ጀምሩ። ጠርዝ ድንጋይ የሌለው የአፈር መንገድ ከሆነ የሚያቋርጠው መንገድ ዳር ካለበት ጀምሩና ትንሽ ጨምሩበት።

ይሄ ሁሉ ለምን? ከቅያስ የሚወጣውን ሹፌር አስቡት። ዓይኑ ያለው ኮፈኑ ጫፍ ላይ አይደለም። ከፊት መከላከያው ሁለት ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ተቀምጧል። ጥጉ ላይ መኪና ከቆመ ግራና ቀኝ ለማየት አፍንጫውን መንገድ ውስጥ ማስገባት አለበት። ማለትም ከማየቱ በፊት ይመታል። በዋናው መንገድ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣ መኪና በሴኮንድ 11 ሜትር ይጓዛል። «ውይ» ብሎ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዞር ሦስቱ ቪትዝ አልቀዋል።

እግረኛውም እንደዚያው ነው። የዳር ሰፈር ልጆች ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በቡድን ሆነው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የሚሻገሩት ጥግ ላይ ነው። በቆመ መኪና ኋላ ያለ የሰባት ዓመት ልጅ ጭንቅላቱ እንኳ አይታይም። በዚያ ላይ አሁን የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። በ2016 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በየሰፈሩ ድምፅ የሌለው መኪና መጥቷል። ድሮ ልጁ ባያይ እንኳ ሞተሩን ሰምቶ ይቆም ነበር። አሁን የቀረው ዓይኑ ብቻ ነው፤ እሱንም ጥጉ ላይ ቆማችሁ አትጋርዱበት።

ሌላው ነገር መታጠፍ ነው። ጥጉ ላይ ቪትዝ ቆሞ ሌላ ቪትዝ ይታጠፍ ይሆናል። አይሱዙ ግን አይታጠፍም። የዳር ሰፈር ደግሞ ግንባታው አያልቅም፤ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ፣ የውሃ ቦቴ፣ የፍሳሽ መኪና ሁሌ አለ። ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ተከትሎ አይሄድም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። የሚቆርጠው እናንተ ያቆማችሁበትን ጥግ ነው። ስፖኪዮ ብቻ ይዞ ከሄደ አመስግኑ። የእሳት አደጋ መኪናም ከነዚህ አንዱ መሆኑን አትርሱ።

ሁለት የሚዘነጉ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ቅያሱ ዋናውን መንገድ የሚገጥምበት ቦታ ላይ፣ ከቅያሱ አፍ ትይዩ ማዶ ያለው ዳርም የመጋጠሚያው አካል ነው። «እኔ ጥግ ላይ አይደለሁም፣ ማዶ ነኝ» አይሠራም። ከቅያሱ የሚወጣው መኪና የሚዞረው እናንተ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ መጋጠሚያ ባይሆንም ኩርባ ላይና የዳገት አናት ላይ ማቆም ያው ነው። ማዶው ካልታየ አይቆምም።

በሩን በር መሆኑን እወቁ

የኔ ጥፋት እዚህ ነበር። የዳር ሰፈር በር ሁሌ በር አይመስልም። ቆርቆሮ አጥር ውስጥ የቆርቆሮ በር አለ። ያላለቀ ግንባታ ፊት ለፊት ያለ ክፍተት ባዶ ቦታ ይመስላችኋል፤ ነገ ጠዋት ሲሚንቶ የሚገባበት ነው። ስለዚህ አጥሩን ትታችሁ መሬቱን እዩ። ቱቦው ላይ ኮንክሪት የተጣለበት መሻገሪያ ካለ በር አለ። ጠርዝ ድንጋዩ ዝቅ ካለ በር አለ። ኮብልስቶኑ ላይ ወደ አጥሩ የሚታጠፍ የጎማ ፋና ወይም ዘይት ካለ በር አለ። እንደ ባቡር ሐዲድ መሬት ላይ የተዘረጋ ብረት ካያችሁ ተንሸራታች በር ነው።

በሩን ካወቃችሁ በኋላ ከፊት ለፊቱ አለመቆም ብቻ አይበቃም። ከግቢ የሚወጣ መኪና ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ይታጠፋል። ለመታጠፍ ደግሞ ከበሩ ግራና ቀኝ ቦታ ይፈልጋል። እኔ ከበሩ ቋሚ በእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ ሁለት ትልልቅ እርምጃ እተዋለሁ። መንገዱ ከጠበበ አራት።

ጠባብ ቅያስ ውስጥ ደግሞ ከበሩ ትይዩ ያለውም ዳር አይቆምበትም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ቅያሱ 6 ሜትር ስፋት አለው እንበል። የናንተ መኪና ከነስፖኪዮው 2 ሜትር ገደማ ወሰደ። ቀሪው 4 ሜትር ነው። ትንሽ መኪና እንኳ ለመዞር አምስት ሜትር ያህል ይፈልጋል። ያ ሰውዬ ወደፊት ወደኋላ ሲል ወይ የናንተን በር ይጭራል ወይ የራሱን የግቢ ምሰሶ። በሁለቱም ስማችሁ ይነሳል።

የሰው በሩስ? መኪና የማይገባበት ትንሿ በር ላይ አስጠግቶ መግተር የሚፈቀድ የሚመስለው አለ። ከዚያ ቤት አልጋ ሊወጣ ይችላል፣ ነፍሰ ጡር ልትወጣ ትችላለች፣ ተሽከርካሪ ወንበር ያለው ሰው ሊኖር ይችላል። አንድ ሜትር ተዉላቸው።

የራሳችሁ በር ላይስ? ብዙ ጊዜ ጠብ የሚነሳው በዚህ ነው። በራችሁ የናንተ ነው፣ መንገዱ ግን የናንተ አይደለም። በራችሁ ፊት ስላቆማችሁ የምትዘጉት ራሳችሁን ከሆነ ብዙ ሰው አይናገራችሁም። እግረኛውን ወደ መሃል መንገድ ካስወጣችሁት፣ ወይም ማዶ ላለው ጎረቤት መዞሪያ ካሳጣችሁት ግን ጥፋት ነው። ቦታ ለመያዝ አሮጌ ጎማና ድንጋይ መደርደርም እንደዚሁ። ማታ ባለ ሞተር ሳይክሉ የሚወድቀው በዚያ ድንጋይ ነው።

አቋቋም

በአቅጣጫችሁ ቀኝ ዳር ያዙ። በተቃራኒ አቅጣጫ ዞሮ ማቆም በዳር ሰፈር የተለመደ ነው፤ ማታ ግን ለሚመጣው ሹፌር የሚያንጸባርቀው የኋላ መብራታችሁ ቀርቶ ጨለማ ያጋጥመዋል። ከጠርዙ አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ፣ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ።

ቱቦ ላይ ጎማ አትስቀሉ። የውስጥ ለውስጥ ቱቦ ክዳን የተሠራው ለእግረኛ ነው። አንድ ጎረቤቴ በክረምት የቀኝ ጎማውን ክዳን ላይ አሳድሮ ጠዋት መኪናውን በስምንት ጎረምሳ አስወጥቷል። ክዳኑን ከኪሱ አስተካክሎ፣ ለጎረምሶቹ ሻይ ጋብዞ፣ ሥራም አርፍዶ።

ዳገት ላይ ከሆነ የእጅ ፍሬን ያዙና ማርሽ አስገቡ። አፍንጫችሁ ወደ ላይ ከሆነ አንደኛ፣ ወደ ታች ከሆነ የኋላ ማርሽ። አውቶማቲክ ከሆነ ፓርክ ላይ አድርጉት፤ የእጅ ፍሬኑ ግን አይቀርም። ቁልቁል ስትቆሙ የፊት ጎማውን ወደ ጠርዙ አዙሩ። ሽቅብ ስትቆሙ ጠርዝ ድንጋይ ካለ ወደ መንገዱ አዙሩት፤ መኪናው ወደ ኋላ ቢንሸራተት ጎማው ድንጋዩ ላይ ያርፋል። ጠርዝ ከሌለ ሁሌም ወደ ዳሩ። ዳገቱ በጣም ቀጥ ያለ ከሆነ ጎማውን ድንጋይ አስደግፉ። ስፖኪዮ አጥፉ። በር ከመክፈታችሁ በፊት ወደ ኋላ እዩ፤ ባጃጅ ጥግ ጥጉን ነው የሚመጣው።

«ሁለት ደቂቃ ነው»

ፍሬቻ ሁለቱንም ማብራት ፈቃድ አይደለም። ዳቦ ለመግዛት ጥግ ላይ ቆማችሁ ፍሬቻ ስታበሩ መኪናው የተበላሸ እየመሰለ ሰው ያዝንላችኋል፤ ትራፊክ ግን አያዝንም። ሁለት ደቂቃ ያልነው ነገር ሱቁ ውስጥ ሰላምታ ሲጨመርበት አሥር ይሆናል። ሰው ማውረድ ሌላ ነው፤ እሱንም ከጥጉ አለፍ ብላችሁ፣ መሪ ላይ ሆናችሁ።

ስልክ ቁጥር መስታወት ሥር መተው ጥሩ ልማድ ነው። እኔም እተዋለሁ። ግን ቁጥር ስለተውኩ በር መዝጋት ይቻለኛል ማለት አይደለም። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ባትሪ ሲዘጋ፣ ወይም ቅዳሴ ላይ ስልክ ስታጠፉ ያ ቁጥር ወረቀት ነው።

አንዳንድ ቦታ ላይ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» እያለ የሚያስገባችሁ ልጅ አለ። ሥራው ነው፣ አይፈረድበትም፤ መኪና በበዛ ቁጥር ይጠቀማል። ጥግ ላይ ካስቆማችሁ ግን ቅጣቱ የሱ አይደለም። ብሩን ስጡትና ቦታውን ራሳችሁ ምረጡ።

ለቅሶና ሠርግ

ይሄ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የዳር ሰፈር መንገድ በሳምንት አንዴ ድንኳን ይተከልበታል፤ ማንም አይከፋም፣ ነገም የራሱ ነውና። ችግሩ መኪናው ነው። የእድር ሰዎች ካላችሁ፣ ድንኳን ሲተከል አንድ ጎረምሳ ቅያሱ አፍ ላይ አቁሙ። እንግዳውን «መኪናህን እዚያ ሜዳው ላይ» ብሎ የሚመልስ። በየበሩ ፊት ወንበር ወይም ቅጠል አኑሩ፤ እንግዳ ያያል። በአንድ ወገን ብቻ እንዲቆም ተነጋገሩ፤ ሌላው ወገን ከዳር እስከ ዳር ክፍት ይሁን። ቀብር ሊወጣ ሲል አስከሬን የያዘውን መኪና የሚዘጋ እንግዳ አይቻለሁ። ባለቤቱ እስኪፈለግ ሙሾው ቆሞ ሕዝቡ ሁሉ ታርጋ ሲያነብ ነበር።

እንግዳ ከሆናችሁ ደግሞ ዘግይታችሁ የምትደርሱ ከሆነ መግባቱን ተዉት፤ ቀድማችሁ ብትወጡም በኋላ የመጣ ይዘጋችኋል። ከገባችሁ ግን የመኪናችሁን አፍንጫ ወደ መውጫው አዙራችሁ አቁሙ።

በራችሁ ላይ ሰው ሲያቆም

መጀመሪያ መስታወቱ ሥር ቁጥር ፈልጉ። ከሌለ ባለሱቁን ጠይቁ። የሰፈር ባለሱቅ ማን ከየትኛው መኪና ወርዶ የት እንደገባ ያውቃል። ቀጥሎ ዘበኞቹን፣ ከዚያ አጭር ጥሩንባ። አብዛኛው ጉዳይ እዚህ ያልቃል። ካላለቀ ፎቶ አንሱ፤ ታርጋውና በራችሁ አንድ ላይ የሚታዩበት ይሁን። ከዚያ በአቅራቢያ ላለ ትራፊክ ወይም ለፖሊስ በ991 ንገሩ። የታመመ ሰው ካለባችሁ መኪናው እስኪነሳ አትጠብቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939።

ጎማ ማስተንፈስ፣ ቀለም መጫር፣ በራስ መኪና መልሶ መዝጋት ባለመብቱን ተከሳሽ ያደርጋል። ደሙ የፈላበት ሰው ይሄን መስማት እንደማይፈልግ አውቃለሁ።

ትራፊክ እናንተን ከያዛችሁ ደግሞ ክርክሩን አሳጥሩት። መኪናውን አንሱ፣ ክሱን ተቀበሉ፣ በጊዜው ክፈሉ። «እነዚያም ቆመዋል» የሚለው መልስ እነዚያንም አስቀጥቶ እናንተን አያስምርም።

ስትወጡ

ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት መኪናውን አንዴ ዙሩት። በዳር ሰፈር መኪና ሥር ድመት ይተኛል፣ ውሻ ይተኛል፣ ኳስ ይገባል፣ ኳሱን ተከትሎ ልጅ ይገባል። ጥላ ፍለጋ የተቀመጠ ሰው እንኳ አይጠፋም። ከዚያ ጎማ ያስደገፋችሁትን ድንጋይ አንሱና ካነሳችሁበት ቦታ መልሱት፤ መንገድ መሃል ትታችሁት እንዳትሄዱ።

እኚያን እናት በቀደም አገኘኋቸው። ሐረጉን አስከርክመው በሩን ሰማያዊ አስቀብተውታል።

«አሁንስ ይታያል?» አሉኝ።

«ከአያት አደባባይ ይታያል እማማ» አልኳቸው። መኪናዬ ማዶ፣ ከሳቸው በር 20 እርምጃ ርቃ ቆማለች።